አዲስ ኮምፒውተር፣ የድሮ ማውስ፦ የማውስ ሶፍትዌር አልሠራ ሲል ደረጃ በደረጃ

ማውሱን አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ሲሰኩት ቀስቱ ይንቀሳቀሳል። ግራው ይሠራል፣ ቀኙ ይሠራል፣ ጎማውም ገጹን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። በአውራ ጣት የሚነኩት ሁለቱ የጎን በተኖች ግን ዝም። የድሮው ኮምፒውተር ላይ አንዱ «ኮፒ»፣ ሌላው «ፔስት» ነበር። የማውሱን ሶፍትዌር አውርደው ሲጭኑት ወይ አልከፈት ይላል፣ ወይ ይከፈትና ማውስ አልተገኘም ይላል።

ይህ መመሪያ ከዊንዶውስ ወደ ማክ፣ ወደ ሊኑክስ ወይም ስናፕድራጎን ፕሮሰሰር ወዳለው የዊንዶውስ ላፕቶፕ ለተሻገረ ሰው ነው፤ አዳማ ላይ ፕላን የሚሥል፣ ባነርና የሠርግ መጥሪያ የሚያዘጋጅ፣ ቪዲዮ የሚቆርጥ ሁሉ አንድ ቀን ይደርስበታል። ዊንዶውስ 10 ከማይክሮሶፍት የሚያገኘው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ኮምፒውተር ለመቀየር ምክንያቱ አለ። ከዚህ በታች ያሉት ሌሎች ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በፊት፦ የድሮውን ኮምፒውተር ፎርማት አያድርጉ

ብዙ ሰው አዲሱን ላፕቶፕ በገዛ ማግስት የድሮውን አጽድቶ ይሸጣል ወይም ለወንድም ለእህት ይሰጣል። ለማውስ ሲባል ጥቂት ቀን ይቆይ። ምክንያቱ እንዲህ ነው።

ማንኛውም የዩኤስቢ ማውስ ኤችአይዲ በሚባል የጋራ ቋንቋ ይናገራል። ዊንዶውስ፣ ማክ፣ ሊኑክስ፣ አንድሮይድ ስልክ ሳይቀር ይህን ቋንቋ ከነሱው ይዘውት ስለሚመጡ ቀስቱን ለማንቀሳቀስ፣ ለመጫንና ስክሮል ለማድረግ ተጨማሪ ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከመሣሪያው ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) አያስፈልግም። አምራቹ የሚያቀርበው ሶፍትዌር ከዚያ በላይ ላለው ነው፦ የጎን በተኖችን ሥራ ለመቀየር፣ ማክሮ (በአንድ በተን የሚላክ የቁልፎች ቅደም ተከተል) ለመሙላት፣ ዲፒአይ (የቀስቱን ፍጥነት) ለመወሰን፣ መብራቱን ለማስተካከል።

አሁን ጥያቄው ያ ሁሉ የሞሉት ነገር የት ተቀምጧል ነው። በአንዳንድ ማውስ ውስጥ ትንሽ ሜሞሪ አለ፤ የሞሉት እዚያው ይቀመጥና ማውሱ የሄደበት ይሄዳል። ለምሳሌ የሎጂቴክ ጂ502 ሂሮ እስከ 5 ፕሮፋይል (የማስተካከያ ስብስብ) ሆዱ ውስጥ ይይዛል። በሌሎቹ ደግሞ ማውሱ ባዶ ነው፤ «አራተኛው በተን ተነካ» ብቻ ይላል፣ ያንን ወደ ኮፒ የሚለውጠው ኮምፒውተሩ ላይ ከኋላ የሚሠራው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ካልሠራ በተኑም አይሠራም።

የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሌላ ኮምፒውተር እንኳ አያስፈልግም። የዩኤስቢ መሣሪያን ከስልክ በሚያገናኝ ኦቲጂ ገመድ አንድሮይድ ስልክ ላይ ይሰኩት። ስክሪኑ ላይ ቀስት ብቅ ይላል። መልእክት መጻፊያው ላይ ጥቂት ፊደል ይጻፉ፣ ምልክት አድርገው ይምረጡት፣ ከዚያ ኮፒ ያደረጉበትን የጎን በተን፣ ቀጥሎም የፔስቱን ይጫኑ። ጽሑፉ ከተደገመ ማስተካከያው ያለው ማውሱ ውስጥ ነው። ምንም ካልሆነ ወይም ወደ ኋላ ከተመለሰ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

1. የድሮው ላይ ሳሉ የሚሠራ

የማውሱን ሶፍትዌር ይክፈቱና እያንዳንዱን ገጽ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፦ የበተኖቹን፣ የዲፒአዩን ቁጥር (800፣ 1600 ወዘተ)፣ የማክሮዎቹን ዝርዝር። ፕሮፋይሉን ወደ ፋይል ማውጫ ካለው አውጥተው ፍላሽ ላይ ያስቀምጡ፤ ይሁንና አዲሱ ኮምፒውተር ላይ የተለየ ሶፍትዌር ከሆነ ያ ፋይል ላይከፈት ስለሚችል ፎቶውን አይተዉት።

ማውሱ ሜሞሪ ካለው ማስተካከያውን አሁኑኑ ወደ ማውሱ ይጻፉት። በሎጂቴክ ጂ ሀብ ውስጥ ይህ «ኦንቦርድ ሜሞሪ» በሚለው ይገኛል፤ በሌሎቹም ብዙ ጊዜ ስሙ ኦንቦርድ የሚል ቃል አለበት። ሲጨርሱ ማውሱን ነቅለው መልሰው ይሰኩትና ሶፍትዌሩን ሙሉ በሙሉ ዘግተው በተኑን ይሞክሩ። ዘግተው ማለት በኤክስ ምልክቱ ብቻ አይደለም፤ ከሰዓቱ አጠገብ ካሉት ትንንሽ ምልክቶች መካከል በቀኝ ክሊክ ማስወጣት ነው። ሳይዘጉ ሞክረው «ማውሱ ውስጥ ገብቷል» ብለው ፎርማት ያደረጉ ብዙ ናቸው።

ቀጥሎ የማውሱን መታወቂያ ቁጥር ይመዝግቡ። ዊንዶውስ ላይ ዲቫይስ ማናጀር፣ «ማይስ ኤንድ አዘር ፖይንቲንግ ዲቫይስስ»፣ በማውሱ ስም ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ዲቴይልስ፣ ሃርድዌር አይዲስ። ቪአይዲ ከሚለው ቀጥሎ ያለው አራት አሃዝ አምራቹን፣ ፒአይዲ ከሚለው ቀጥሎ ያለው ሞዴሉን ይናገራል። ሬዘር 1532፣ ስቲልሲሪስ 1038 ነው። ይህ በተለይ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ካለ ሱቅም ሆነ ከአዲስ አበባ ለተገዛ ስም የለሽ ማውስ ይጠቅማል፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ስም ሌላ፣ ውስጡ ያለው ቺፕ ሌላ ነው፤ ሶፍትዌር የሚገኘው በቁጥሩ ሲፈለግ ነው።

2. የተሻገሩት ወደ ማክ ከሆነ

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበዛው።

ድሮ የማውስ ድራይቨሮች በማክ ላይ ከርነል ኤክስቴንሽን በሚባል መንገድ ወደ ሲስተሙ ውስጥ ዘልቀው ይገቡ ነበር። አፕል ከ2019ኙ ካታሊና ጀምሮ ይህን መንገድ እያጠበበው መጣ። በ2020 መጨረሻ የመጣው ኤም1 እና ከሱ በኋላ ያሉት ቺፖች ያላቸው ማኮች ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ድራይቨር ለመጫን በሪከቨሪ ገብቶ የማሽኑን ሴኩሪቲ ዝቅ ማድረግ ይጠይቃል። ለአንድ ማውስ ሲባል አይደረግም። ሮዜታ አለ አይደል ወይ የሚል ይኖራል። ሮዜታ ለኢንቴል የተጻፈን ተራ ፕሮግራም ያስኬዳል፣ የከርነል ድራይቨርን ግን አይተረጉምም። ስለዚህ የድሮው ሶፍትዌር መስኮቱ ተከፍቶ ማውሱን የማያየው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ አፕል ሮዜታን በሙሉ አቅሙ የሚያቆየው እስከ ማክኦኤስ 27 ድረስ እንደሆነ አስታውቋል፤ በሱ ላይ የተንጠለጠለ መፍትሔ ዕድሜው አጭር ነው።

ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ።

ከድሮ ማክ በማይግሬሽን አሲስታንት ያዛወሩ ከሆነ መጀመሪያ አብሮ የመጣውን የድሮ የማውስ ሶፍትዌር ያስወግዱ። ወደ ትራሽ መጎተት አይበቃም፤ የራሱ አንኢንስቶለር ካለው በሱ ያጥፉ፣ ከዚያ ሪስታርት። አሮጌውና አዲሱ አብረው ካሉ አንድ ጊዜ የነኩት በተን ሁለት ጊዜ ይሠራል ወይም ጭራሽ አይሠራም።

ከዚያ ከአምራቹ ገጽ የቅርቡን ያውርዱ። ሎጂቴክን እንደ ምሳሌ ብንወስድ ኮንትሮል ሴንተርና ጌሚንግ ሶፍትዌር የሚባሉት የቀድሞዎቹ ናቸው፤ ለቢሮ ማውሶች ኦፕሽንስ ፕላስ፣ ለጌም ማውሶች ጂ ሀብ ነው የሚፈለገው። ከማውረድዎ በፊት ማውስዎ ከሚደግፋቸው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ይዩ፤ የቆዩ ሞዴሎች ከዝርዝሩ ወጥተዋል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ብዙ ጊዜ የሚወርደው ትንሽ ፋይል ዋናውን ሶፍትዌር ከኢንተርኔት የሚጠራ ብቻ ነው። ዳታው መሀል ላይ ከተቋረጠ መስመሩ ግማሽ ላይ ተገትሮ ይቀራል። ኦፕሽንስ ፕላስን ጨምሮ አንዳንዶቹ ያለ ኢንተርኔት የሚጫን ሙሉ ፋይል ስላላቸው እሱን ዋይፋይ ካለበት አውርደው ፍላሽ ላይ ይያዙት።

ከተጫነ በኋላ ፈቃድ። አብዛኛው ሰው የሚቆምበት እዚህ ነው። ሲስተም ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ይግቡ። «አክሰሲቢሊቲ» ውስጥ የሶፍትዌሩን ማብሪያ ያብሩ፤ «ኢንፑት ሞኒተሪንግ» ውስጥም ካለ እንደዚሁ። ሶፍትዌሩን ዘግተው ይክፈቱት። ማብሪያው በርቶ እያለ በተኑ እምቢ ካለ (ከአፕዴት በኋላ ይህ የተለመደ ነው) ማጥፋት ማብራቱ ላይበቃ ይችላል፤ ስሙን መርጠው በመቀነስ ምልክቱ ከዝርዝሩ ያስወጡት፣ በመደመር ምልክቱ መልሰው ያስገቡት። ከማክኦኤስ 15 ጀምሮ ደግሞ አፕል ያላጣራውን ፕሮግራም በቀኝ ክሊክ መክፈት ቀርቷል። እምቢ ሲል እዚያው ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ገጽ ታች ወርደው «ኦፕን ኤኒዌይ» ይበሉ። ይህን የሚያደርጉት ግን ምንጩን ለሚያውቁት ብቻ ነው።

አምራቹ ለማክ ሶፍትዌር ከሌለው፦ ሊኒየርማውስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም የጎን በተኖችን «ወደ ኋላ» እና «ወደ ፊት» ያደርጋል፤ የጎማውን አቅጣጫም ይቀይራል። ይህን ማወቅ የሚያስፈልገው ማክ ላይ ጎማው «ተገልብጦ» ስለሚገኝ ነው። ናቹራል ስክሮሊንግ የሚለውን ማጥፋት ይቻላል፤ ግን ለማውሱ ሲያጠፉት ትራክፓዱም አብሮ ይገለበጣል። ለየብቻ የሚያደርጉት እንደ ሊኒየርማውስ፣ ሞስ ወይም ስክሮል ሪቨርሰር ያሉ ናቸው። አንዱን ብቻ ይምረጡ። ሁለቱ አብረው ከሠሩ አንዱ የገለበጠውን ሌላው ይገለብጠውና ምንም እንዳልተደረገ ይሆናል።

ኮንትሮልና ኮማንድ

ማውሱ ማስተካከያውን በሆዱ ይዞ ቢመጣም ኮፒው ማክ ላይ አይሠራም። ዊንዶውስ ላይ የሞሉት ኮንትሮልና ሲ ነው፤ ማክ ላይ ኮፒ የሚያደርገው ደግሞ ኮማንድና ሲ። ማውሱ የታዘዘውን በትክክል ልኳል፣ ማኩ ነው ሌላ ነገር የሚጠብቀው።

መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ የድሮው ዊንዶውስ ላይ ሳሉ ማክሮውን በኮንትሮል ፈንታ በዊንዶውስ ቁልፍ ይሙሉት፤ ማክ የዊንዶውስን ቁልፍ እንደ ኮማንድ ነው የሚያነበው። ወይም ማኩ ላይ ሲስተም ሴቲንግስ፣ ኪቦርድ፣ ኪቦርድ ሾርትከትስ፣ ሞዲፋየር ኪስ ውስጥ ገብተው ከላይ ካለው ዝርዝር ማውሱን መርጠው ኮንትሮልን ወደ ኮማንድ ያዙሩት። ማውስ ኪቦርድ ዝርዝር ውስጥ ምን ይሠራል? የጌም ማውስ ማክሮ ለመላክ ራሱን እንደ ኪቦርድም ያስተዋውቃል። መጀመሪያ ሲሰኩት ማኩ «ከግራ ሺፍት በስተቀኝ ያለውን ቁልፍ ይጫኑ» እያለ የሚያስቸግረውም ለዚሁ ነው፤ ያንን መስኮት ዝም ብለው ይዝጉት።

ከዚሁ ጋር ለአማርኛ ጸሐፊ የሚሆን አንድ ነገር። ማክሮ የሚልከው ፊደል አይደለም፣ የቁልፉን ቦታ ነው። አውቶካድ ላይ መስመር ለማስመር ኤልን እና ስፔስን አንድ በተን ላይ የሞላ ሰው የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ ከሆነ በተኑን ሲነካ «ል» ይጻፍለታል፤ አውቶካዱም የማያውቀው ትእዛዝ ነው ይላል። ሶፍትዌሩ አልተበላሸም። ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ነው።

3. ስናፕድራጎን ያለው የዊንዶውስ ላፕቶፕ ከሆነ

ዊንዶውስ ነው፣ ግን ፕሮሰሰሩ አርም የሚባል፣ ከኢንቴል የተለየ ዓይነት ነው። ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ በስናፕድራጎን ኤክስ የመጡት ላፕቶፖች የኢንቴልን ፕሮግራም አስመስለው ያስኬዳሉ፤ ድራይቨርን ግን አያስኬዱም። የማውስ ሶፍትዌሩ ውስጡ ድራይቨር ከያዘ «አርም64» ተብሎ የተዘጋጀ ካልሆነ አይጫንም። ከመግዛትዎ በፊት ስቲከሩን ያንብቡ፤ ከገዙ በኋላ ደግሞ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት ውስጥ «ሲስተም ታይፕ» ይነግርዎታል።

ከኢንቴል ወደ ኢንቴል ተሻግረው ዊንዶውስ 11 ላይ ሶፍትዌሩ እምቢ ካለ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ያለበትን ከፍተው ኮዱን ያንብቡ። ኮድ 28 ድራይቨር አልተጫነም ነው። ኮድ 52 የድራይቨሩ ዲጂታል ፊርማ አልታወቀም ነው፤ የቆየ ስለሆነ አዲስ ይፈልጉ። ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የሚባለው መከላከያም አሮጌ ድራይቨሮችን ይከለክላል። ኢንተርኔት ላይ «አጥፉት» የሚል ምክር ሞልቷል። ለማውስ መብራት ብሎ ያንን ማጥፋት በር ነቅሎ ቁልፍ እንደመፈለግ ነው። ሁሉን ድራይቨር በአንዴ እንጭናለን የሚሉትንም ይተዉአቸው፤ ማውሱ እንደሆነ ያለ እነሱ ይንቀሳቀሳል።

4. ሊኑክስ ከሆነ

ከአምራቾቹ ምንም አይጠብቁ፤ ሥራው በሌሎች ተሠርቷል። መጀመሪያ ተርሚናል ከፍተው «ኤልኤስዩኤስቢ» ብለው ይጻፉ፤ በላቲን ትንንሽ ፊደል፣ አምስቱም ሳይለያዩ። ቀድመው የመዘገቡትን ቁጥር እዚያ ያዩታል።

ሎጂቴክ በሪሲቨር (ዩኤስቢ ላይ በሚሰካው ትንሽ መቀበያ) ከሆነ ሶላር የሚባለው ፕሮግራም። ሲጭኑት ማውሱን ካላየ ሪሲቨሩን ነቅለው መልሰው ይሰኩት፤ የፈቃዱ ደንብ የሚያዘው እንደገና ሲሰካ ነው። ሜሞሪ ላላቸው የጌም ማውሶች ፓይፐር፤ ማስተካከያውን ማውሱ ውስጥ ስለሚጽፍ አንድ ጊዜ ከሠራ በቃ። ሬዘር ከሆነ ኦፕንሬዘር፤ ይህ የከርነል ሞጁል ስላለው ሴኩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ያልተፈረመን ፕሮግራም የሚከለክል መከላከያ) በበራ ኮምፒውተር ላይ ሲጫን ፓስወርድ ያስመርጥዎታል፣ ሪስታርት ሲያደርጉ ደግሞ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። እዚያ ላይ «ኢንሮል» የሚለውን መርጠው ያንኑ ፓስወርድ ይስጡ። ሰማያዊውን ገጽ ዝም ብሎ ያለፈ ሰው ነው ኋላ አልሠራም የሚለው። ለስም የለሹ ማውስ ኢንፑት ሪማፐር ማንኛውንም በተን ወደፈለጉት ይቀይራል፤ «አውቶሎድ» የሚለውን ካላበሩ ግን ሪስታርት ሲደረግ ይረሳል።

5. ሶፍትዌሩ ከነጭራሹ ካልተገኘ

ሁለት መውጫ ይቀራል። አንዳንድ አምራቾች ማውሱን በብራውዘር የሚያስተካክል ገጽ አላቸው። ይህ የሚሠራው በክሮምና በኤጅ ነው፤ በፋየርፎክስና በሳፋሪ አይሠራም። ማውሱን በገመድ ወይም በሪሲቨሩ ያገናኙት እንጂ በብሉቱዝ አይሞክሩት።

ሌላው ዊንዶውስን በቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር በሚሠራ ፕሮግራም) ከፍቶ ማውሱን ለሱ መስጠት፣ ማስተካከያውን ማውሱ ውስጥ ጽፎ መመለስ ነው። ማውሱን ለቨርቹዋሉ በሰጡበት ቅጽበት ዋናው ኮምፒውተር ላይ ቀስቱ ስለሚጠፋ ሁለተኛ ማውስ ወይም ትራክፓድ ያዘጋጁ። ሜሞሪ ለሌለው ማውስ ይህ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ፈርምዌር (ማውሱ ውስጥ ያለውን ፕሮግራም) አፕዴት አድርግ ካለዎት የግድ ካልሆነ እምቢ ይበሉ። ግድ ከሆነ በገመድ፣ የላፕቶፑ ባትሪ ከግማሽ በላይ ሞልቶ፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ ዩፒኤስ ከሌለ አይንኩት። መብራት መሀል ላይ ከሄደ ማውሱ ዳግም ላይነሣ ይችላል።

6. ሶፍትዌር የሚመስሉ፣ ግን ያልሆኑ

ቀስቱ እየተንቀጠቀጠ ወይም እየዘለለ ከሄደ ሶፍትዌሩን ከመንቀልዎ በፊት ሪሲቨሩ የት እንደተሰካ ይዩ። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ዩኤስቢ ሲ ብቻ ስላላቸው ሪሲቨሩ ሀብ ላይ ይሰካል፣ አጠገቡ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይሰካል። ዩኤስቢ 3 ሲሠራ ሪሲቨሩ በሚጠቀምበት 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ረብሻ ይለቃል። ዲስኩን ይንቀሉት፤ ቀስቱ ከተስተካከለ ምክንያቱ ታውቋል። ሪሲቨሩን ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር በሆነ ማስረዘሚያ ገመድ ከሀቡ ማራቅ ይበቃል።

ሪሲቨር እንደተገኘ መለዋወጥም አይቻልም። የሎጂቴክ ዩኒፋይንግና ቦልት መልካቸው ቢቀራረብም አይተዋወቁም፤ በላያቸው ያለውን ምልክት ይዩ። የአዳማ ንፋስ የሚያመጣው አቧራም ከማውሱ ሥር ባለችው ዓይን ላይ ፀጉርና ክር ይዞ ይቀመጣል፤ በደረቅ የጥጥ እንጨት ይጥረጉት።

7. ማረጋገጫ

አዲሱን ኮምፒውተር አጥፍተው ያብሩ፤ ሪስታርት ብቻ አይደለም። በተኖቹን አንድ በአንድ ይሞክሩ። ላፕቶፑን ዘግተው አሥር ደቂቃ ያቆዩት፣ ከፍተው እንደገና ይሞክሩ፤ ከእንቅልፍ ሲነሣ ከኋላ የሚሠራው ፕሮግራም የሚወድቅበት ጊዜ አለ። ኢንተርኔቱን ዘግተውም አንድ ጊዜ፤ አካውንት የሚጠይቅ ሶፍትዌር ከሆነ ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ ከወዲሁ ይታወቅ። በመጨረሻ በስልክ ያነሡትን ፎቶ ጎን ለጎን አድርገው ያመሳክሩ። ሁሉም ካለ የድሮው ኮምፒውተር አሁን ፎርማት ይደረግ።